ሁለተኛውን ወገን ሳትሰማ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ የዓይንን ስርቆት ለሚያውቅ፣ በተዘጋ ክፍል በእኩለ ሌሊት የበራች ስክሪን ለማትሰወረው ጌታ። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን። የአላህ ባሮች ሆይ! አስቀድሜ ለነፍሴ፣ ቀጥሎም ለእናንተ፣ አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ። አማ በዕድ፦

የዛሬው ነገር ሚንበር ላይ የሚነሳ አይደለም። ከኋላ ሕፃናት ስላሉ ቃል እየመረጥኩ እሄዳለሁ፤ ገልጬ ያልተናገርኩትን ትልልቆቹ ትረዱታላችሁ።

በቅርቡ አንዲት እናት ከፈጅር ሰላት በኋላ ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ። ፈቃዷን ጠይቄ፣ የሚያሳውቃትን ሁሉ ለውጬ ነው የምነግራችሁ። በእጇ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። የፌዴራል መርማሪዎች ገና ሳይነጋ በር አንኳኩተው፣ የፍርድ ቤት ማዘዣ አሳይተው፣ ቤቱን ፈትሸው ሲወጡ የወሰዱትን ዕቃ የመዘገቡበት ነው። ላፕቶፕ፣ የሁሉም ሰው ስልክ፣ የኢንተርኔቱ ሳጥን፣ የትንሿ ልጅ ታብሌት፤ ጀርባው ላይ የጥንቸል ስቲከር የተለጠፈበት። ትልቁን ልጇን ይዘውታል። የተጠረጠረው የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት ምስል በመቀበልና በመያዝ ነው። «ሼኽ» አለችኝ፤ «ልጄ ይህን ያደርጋል ብዬ አላምንም። አድርጎት ከሆነ ግን ፊቱን ማየት አልፈልግም። ለይቼ እስካውቅ ድረስ ምን ልሁን?»

ያ «እስካውቅ ድረስ» ያለችው ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎቻችን ተሰበሰቡ። ሻይ ቀርቦ ማንም አልቀመሰውም። አንዱ «ስሙ እዚህ መስጂድ ውስጥ አይነሳ፤ ጠበቃ ምናምን ተብሎ አምስት ሳንቲም አይዋጣ» አሉ። ሌላው ደግሞ «ልጃችን ነው፤ ጨዋ መሆኑን ጽፈን ሃምሳ ሰው እናስፈርም፤ ነገሩ በሽምግልና ይለቅ» አሉ። ሁለቱም የማከብራቸው አባቶች ናቸው። አንደኛው ሳይሰሙ ፈረዱ፤ ሁለተኛው ሳይሰሙ ነጻ አወጡ።

ከዚያ ስብሰባ የቀረች አንዲት ሰው ነበረች፤ በምስሉ ላይ ያለችው ልጅ። ስሟን ማንም አያውቅም። ስለ እሷ አንዲት ቃል የተናገረ አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ቤቴ ገብቼ ነው ትዝ ያለኝ፤ ያን ሌሊትም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የዚህ አገር፣ የአሜሪካ፣ ፌዴራል ሕግ ነገሩን «የሕፃናት ፖርኖግራፊ» ብሎ ነው የጻፈው። ስሙ ያሳስታል፤ የፊልም ዓይነት ያስመስለዋል። ከእያንዳንዱ እውነተኛ ምስል ጀርባ ግን በደል የተፈጸመበት ቀን አለ፣ ክፍል አለ፣ ልጅ አለች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1982፣ ፈርበር በተባለው ጉዳይ፣ እንዲህ ያለውን ምስል ከንግግር ነጻነት ጥበቃ ያወጣው ይህንኑ ብሎ ነው፤ መዝገቡ በተዘዋወረ ቁጥር በደሉ አብሮ ይዘዋወራል። ያቺ ልጅ አድጋ፣ ትዳር ይዛ፣ ራሷ ወልዳ እንኳ፣ ምስሏ በሆነ ሰው ኮምፒውተር በተገኘ ቁጥር ከመንግሥት ማሳወቂያ ሊደርሳት ይችላል። አስቡት፤ ፖስታ ሳጥን ስትከፍት የመብራት ሒሳብ፣ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ፣ ከዚያ ያ ደብዳቤ። በ2014 ፓሮላይን በተባለው ጉዳይ የተነሳው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ሺዎች ያዩትን ምስል ከያዙት አንዱ ስንቱን ካሳ ይክፈል? ፍርድ ቤቱ ሁሉንም ሳይሆን ድርሻውን አለ። በ2018 ኮንግረስ ያ ድርሻ ለአንድ ተጎጂ ከ3,000 ዶላር እንዳያንስ ደነገገ። «አየሁ እንጂ ማንን ነካሁ?» የሚል ካለ፣ ለማየቱ ባለዕዳ እንደሆነ የዱንያው ፍርድ ቤት እንኳ ነግሮታል። የአኺራውን እዳ እሱ ያስብበት።

ይህን ያስቀደምኩት አውቄ ነው። አሁን ስለ ተከሳሹ መብት የምናገረውን፣ የልጅቷን ሐቅ ረስቶ ነው የሚለኝ እንዳይኖር።

እኛ ሐበሾች የነጃሺ ስም ሲነሳ ደረታችንን እንነፋለን። እስቲ ያ ቀን ምን እንደተሠራበት ቀርበን እንየው። ታሪኩን ያቆየችልን እናታችን ኡሙ ሰለማ ናት፤ ከስደተኞቹ ጋር እዚያው ነበረች። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ላኩ። የመካ ቆዳ ሐበሻ አገር ይወደድ ነበርና ለንጉሡም ለያንዳንዱ ሹምም ቆዳ ጭነው መጡ። ንጉሡን ከማናገራቸው በፊት ሹማምንቱን በየቤታቸው ዞሩ። የለመኗቸው አንድ ነገር ነው፦ ንጉሡ ሰዎቹን ሳያናግር አሳልፎ እንዲሰጠን ምከሩልን። ኡሙ ሰለማ እንደምትነግረን፣ ነጃሺ የስደተኞቹን ቃል ከመስማቱ የበለጠ ሁለቱ መልእክተኞች የሚጠሉት ነገር አልነበረም። ሹማምንቱም እንደተባሉት መከሩ። ነጃሺ ተቆጣ። ጠርቼ ሳልጠይቃቸው አልሰጥም አለ። ጠራቸው፤ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ተነሥቶ ስለ ሁሉም ተናገረ። በማግሥቱ ዐምር ሌላ ክስ ይዞ ተመለሰ፤ ነጃሺ ያንንም ሰማ፣ መልሱንም ሰማ። ቆዳው ለባለቤቶቹ ተመለሰላቸው።

«ሶሓባን ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ታነጻጽራለህ?» የሚል ፊት አያለሁ። አላነጻጽርም። ግን ነጃሺ ያን ጠዋት ማን መሆናቸውን በምን ያውቃል? እጁ ላይ የነበረው ክስ ብቻ ነው፤ ክሱም ከተከበሩ ሰዎች፣ ከነስጦታው ነው የመጣው። ጀዕፈርን ንጹሕ ያደረገው የነጃሺ ጆሮ አይደለም፤ ንጹሕነቱ እንዲታወቅ ያደረገው ግን ያ ጆሮ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወጣቱን ዐሊይን ለፍርድ ወደ የመን ሲልኩት ያስያዙትም ስንቅ ይኸው ነበር፤ ሁለት ባለጉዳዮች ፊትህ ሲቀመጡ፣ ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው አድርገህ ሳትሰማ አትፍረድ።

ለሁለተኛው ሽማግሌያችንም መልስ አለ፤ ሱረቱ ኒሳእ ውስጥ ነው። የተፍሲር ሰዎች እንደሚተርኩት፣ መዲና ውስጥ ከበኑ ኡበይሪቅ ወገን አንዱ የጦር ጥሩር ሰረቀ። ነገሩ ሲነቃበት ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ ጣለው፤ በብዙ ዘገባ ያ ሰው አይሁዳዊ ነው። ዘመዶቹ ተሰብስበው ወደ ነቢዩ ሄዱ፤ ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሙስሊም ነው፣ ተከራከሩልን አሉ። የወረደው አንቀጽ ለከዳተኞች ተከራካሪ መሆንን ከለከለ። ባዕዱ ንጹሕ ሆነ፤ የወገን ልጅ ተጋለጠ። ያ የሃምሳ ሰው ፊርማ እንግዲህ ከበኑ ኡበይሪቅ ሰልፍ በምን ይለያል?

«ታዲያ ጠበቃውስ ለከዳተኛ ተከራካሪ አይደለም ወይ?» ጥያቄው የደረሰኝ ሕግ ከሚማር ወጣት ነው፤ ደግ ጥያቄ ነው።

የዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ቀሚስ አስታውሱ። ሚስትየዋ ከሰሰች፤ እሱ ካደ፤ ባልየው መሐል ቆመ። የፈታው ከቤተሰቧ የሆነ ሰው ነው፤ ቀሚሱን እዩ አለ። ከፊት ከተቀደደ እሷ እውነተኛ ናት፣ ከኋላ ከተቀደደ እሱ። ዛሬ ቀሚሱ ላፕቶፑ ነው። ጠበቃው ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ የሚያደርገው ቀሚሱን አገላብጦ ማየት ነው።

ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል። የኢንተርኔት ኩባንያዎች እንዲህ ያለ ምስል መኖሩን ሲያውቁ ለጠፉና ለተበደሉ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል ማሳወቅ በሕግ ግዴታቸው ነው። ቀድሞ የታወቀ ምስል እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር አለው፤ ማሽኑ በዚያ ይለየዋል። ጥቆማው የአይፒ አድራሻ ይዞ ይመጣል። አሁን ልብ በሉ! አይፒ አድራሻ የሚያመለክተው የኢንተርኔቱን ክፍያ የሚከፍለውን ቤት ነው፤ ከስክሪኑ ፊት የተቀመጠውን ሰው አይነግርም። እኛ ሰፈር ደግሞ ኑሮው ይታወቃል። ፎቅ ላይ ባለቤቱ፣ ቤዝመንት ሁለት ተከራይ፣ ሳሎን ሶፋ ላይ አዲስ የመጣ እንግዳ፤ ሁሉም በአንድ ዋይፋይ፣ የይለፍ ቃሉ ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ። ሌሊት ኡበር ሲነዳ ያደረ ሰው ቀን ተኝቶ ሳለ በስሙ የተመዘገበው መስመር ምን እንደሠራ አያውቅም። ስለዚህ ጠበቃው ይጠይቃል፦ ፋይሉ በየትኛው መሣሪያ፣ በማን መግቢያ፣ በስንት ሰዓት ተከፈተ? ሰውየው ራሱ አስቀምጦት ነው ወይስ ማሽኑ በራሱ ጊዜያዊ ማከማቻ የጣለው? ማዘዣው እንዴት ተገኘ? ሕጉ የሚጠይቀው አውቆ ማድረጉን ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1994 በምስሉ ያለው ለአካለ መጠን ያልደረሰ መሆኑን ማወቁም መረጋገጥ አለበት ብሏል። የልጅቷም ክብር በዚሁ መሐል ይጠበቃል፤ ከ2006 ጀምሮ ምስሉ ከመንግሥት እጅ አይወጣም፣ ለጠበቃው ቅጂ አይሰጠውም፤ እሱና ባለሙያው እዚያው ሄደው ይመረምሩታል።

ብዙ ጊዜ፣ ይህ ሁሉ ተገላብጦ ቀሚሱ ከፊት የተቀደደ ይሆናል። አልዋሻችሁም። በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ከሚባሉት ከ10ሩ ከ9 በላይ የሚሆኑት ራሳቸው አምነው ነው፤ ክርክር ድረስ የሚሄደው ጥቂት ነው። ያኔ ጠበቃ ለምን? ቅጣቱ በቃል ልዩነት ስለሚሰፋ። ምስሉን «መያዝ» እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፤ በምስሉ ያለው ልጅ ከ12 ዓመት በታች ከሆነ እስከ 20። «መቀበል» ወይም «ማሰራጨት» ግን ከ5 ዓመት ሊያንስ አይችልም፣ እስከ 20 ይሄዳል። ምስሉን ራሱ ማዘጋጀት ከ15 እስከ 30 ነው። የያዘ ሰው መቼም ሳይቀበል አልያዘም፤ በየትኛው አንቀጽ ይከሰስ የሚለው ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ የሚደራደሩበት ነው። ከ1987 መጨረሻ ወዲህ ለተፈጸመ የፌዴራል ወንጀል ደግሞ በአመክሮ መለቀቅ ቀርቷል። ከእስር በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት፣ ቢበዛ ዕድሜ ልክ ክትትል አለ፤ ስሙም የወሲብ ወንጀለኞች መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ቅጣቱ በዛ እያልኩ አይደለም፤ ስለ ልጅቷ ሳስብ አንዳንዴ ያነሰ ይመስለኛል። ልኩን ማግኘት ግን ራሱ ፍትሕ ነው። ማዒዝ (ረ.ዐ.) ወደ ነቢያችን መጥቶ በገዛ ምላሱ ወንጀሉን ሲናዘዝ ደጋግመው መለሱት፤ አእምሮው ጤነኛ ነው ወይ፣ ጠጥቶ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። የተናዘዘ ሰው እንኳ ተመረመረ።

ለገንዘቡ የምትሰጉ፣ ሕገ መንግሥታቸው ስድስተኛው ማሻሻያ ላይ የጠበቃ መብት አለ፤ መክፈል ለማይችል የፌዴራል ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ወይም ዳኛው የሚመድበው ጠበቃ ይቆምለታል። በነጻ ስለሆነ አትናቁት፤ ይህን ዓይነት ክስ ደጋግመው ያዩ ሰዎች ናቸው። ክላረንስ ጊዴዎን የሚባል ድሃ ፍሎሪዳ እስር ቤት ሆኖ በእርሳስ የጻፈው አቤቱታ ነው በ1963 ይህን መብት እስከ ክፍለ ግዛቶቹ ፍርድ ቤቶች ያደረሰው። ጠበቃ ተሰጥቶት እንደገና ሲዳኝ ነጻ ወጣ።

ይህን እላለሁ፤ ለእኔም ለእናንተም ለሙስሊሞች ሁሉ አላህን ምሕረት እለምናለሁ፤ ለምኑት።

አልሐምዱሊላህ፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ላይ ይሁን።

አሁን ወደየኪሳችን ልግባ። ባለፈው ዓመት አንድ ቪዲዮ በቴሌግራም በየግሩፑ ዞረ። አገር ቤት ነው ተባለ፣ ዐረብ አገር ነው ተባለ። ልጅ ሲበደል የሚያሳይ ነው። «ይህን አውሬ ያያችሁ ጠቁሙ፣ ለሁሉም አዳርሱ» የሚል ተጽፎበታል። የላኩት ሰዎች ደጋግ ናቸው፤ አንዷ እያለቀሰች ነው የላከችው። ወላሂ፣ በዚህ አገር ሕግ ያ መላክ ማሰራጨት ሊባል ይችላል፤ ቁጣችሁ ፈቃድ አይሆንም። አላህም በሱረቱ ኑር ነውር በምእመናን መሐል እንዲዛመት የሚሹትን በከባድ ቅጣት አስጠንቅቋል። የልጅቷን ገመና ለሺህ ሰው ገልጣችሁ ታደግኋት አትበሉ። ሳትፈልጉት ከደረሳችሁ ለማንም አታሳዩ፣ አትላኩ፤ ለዚያው ብሔራዊ ማዕከል ወይም ለፖሊስ ጠቁሙ። ሕጉ ከ3 ያነሰ ምስል ደርሶት፣ ለሌላ ሰው ሳያሳይ በቅን ልቦና ወዲያው ላጠፋ ወይም ለሕግ ላሳወቀ ሰው መከላከያ ትቶለታል። ምርመራ መኖሩን ካወቁ በኋላ ማጥፋት ግን ሌላ ነው፤ ማስረጃ ማጥፋት ብቻውን እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። «ስልኩን ወንዝ ጣለው» ብሎ የሚመክር አጎት አይጠፋም። አትስሙት።

መርማሪ በር ላይ ሲቆም እንግዳ የመጣ ይመስለናል፤ ግቡ፣ ቡና ይፈላ እንላለን፣ ዝም ማለት ነውር ይሆንብናል። ያቺ እናት እንኳ ውሃ ሰጥታቸዋለች። ውሃ መስጠት ኸይር ነው። ስለ ጉዳዩ ግን «ያለ ጠበቃ አልናገርም» ማለት መብት ነው፤ ደንግጦ መዋሸት ደግሞ ለብቻው ወንጀል ነው፣ በእንዲህ ያለ ጉዳይ እስከ 8 ዓመት። ማዘዣ ካላቸው አትከልክሉ፣ አትዋሹ፣ ጠበቃ ጠይቁ። አስተርጓሚም ጠይቁ፤ «ዬስ፣ ዬስ» እያላችሁ ያልገባችሁን አትፈርሙ።

ዜግነት ያላገኛችሁ፣ ጥፋተኝነትን ከማመን በፊት ስለ ግሪን ካርዱ ጠበቃውን ጠይቁት። በ2010 ፓዲያ በተባለው ጉዳይ፣ ለአሥርት ዓመታት እዚህ የኖረ፣ ቬትናም የዘመተ የሆንዱራስ ሰው፣ ጠበቃው አታስብ ስላለው አምኖ ዲፖርት ሊደረግ ደረሰ፤ ያኔ ነው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን መንገር የጠበቃ ግዴታ ነው ያለው። ዜጋ የሆናችሁም አትዘናጉ፤ የ2006ቱ አዳም ዎልሽ ሕግ፣ በሕፃን ላይ በተፈጸመ እንዲህ ባለ ወንጀል የተፈረደበት ዜጋ፣ አደገኛ አለመሆኑ በመንግሥት ካልታመነለት፣ ሚስቱን ወይም እናቱን ለማምጣት እንዳያመለክት ይከለክላል። አዲስ አበባ ወይም ደሴ ቪዛ የሚጠብቁትም በዚህ ይነካሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ድምፄን ከፍ አድርጌ ልበል። በዚህ ጀማዓ ውስጥ ያለ ልጅ ተነካ ከተባለ፣ ሽማግሌ አይቀመጥበትም። አባት አይለመንበትም፣ ካሳ አይቆረጥበትም፤ ለሕግ ይነገራል፣ በዚያው ቀን። ኡስታዝም ቢሆን፣ እኔም ብሆን። ከመኽዙም ጎሳ የሆነች ሴት ሰርቃ ኡሳማ ሲያማልድ ነቢያችን ተቆጥተው የገዛ ልጃቸውን ፋጢማን ስም ጠርተው ነው የመለሱት። እዚህ የምትቀመጡ፣ ዓይናችሁ ወደዚያ መንገድ እየሳበ ያስቸገራችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ በር ሳይንኳኳ አሁን እርዳታ ፈልጉ። ሐኪም አለ፤ ስማችሁን ሳትናገሩ የምትደውሉበት መስመርም በዚህ አገር አለ። ተውበት ብቻውን በቂ ነው ብዬ አልሸነግላችሁም፤ በሩም ተዘግቷል አልልም።

ያቺ እናት ምን ሁኚ እንዳልኳት ትጠይቁኛላችሁ። እናቱ ሁኚ አልኳት። ጠበቃ ይቁምለት፤ ሄደሽ ጎብኚው፤ በእስር ቤቱ ስልክ ስለ ጉዳዩ አታውሪ፣ ይቀዳልና። አልሠራም ብለሽ አትማዪለት፤ ሠርቷል ብለሽም አትርገሚው። ነቢያችን ወንድምህን በዳይም ቢሆን እርዳው ሲሉ ሶሓቦች ግራ ተጋብተው፣ በዳዩን እንዴት እንርዳ ብለው ጠይቀዋል፤ መልሳቸው ከበደሉ በመከልከል የሚል ነበር። ያ ልጅ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ እርዳታችን እዚያ ላይ ይሆናል፤ የተፈረደበትን እንዲቀበል፣ ካሳውን እንዲከፍል፣ እንዲታከም። ካልተገኘበት ደግሞ በዚህ በር ሲገባ ከአጠገቡ የሚሸሽ ትከሻ እንዳይኖር። ነገሩ ገና አልለየም። የሚቀጥለው ቀጠሮ አሌክሳንድሪያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ ሁለቱም ሽማግሌዎች ከእኔ ጋር እንዲመጡና ዝም ብለው እንዲሰሙ ጠይቄያቸዋለሁ። አንደኛው እሺ ብለዋል።

እጆቻችሁን አንሡ። ያ አላህ! በምስል የተያዘችውን፣ ስሟን እኛ የማናውቀውን አንተ የምታውቀውን ልጅ ጠግናት፤ የሚያዩዋትን ዓይኖች ዝጋላት። ያ አላህ! ዳኛውን ልቡን አቅናው፣ ዐቃቤ ሕጉን ከወሰን አታሳልፈው፣ ጠበቃውን ብርታት ስጠው። ንጹሕ ከሆነ ንጽሕናውን አውጣለት፤ ከሠራው እንዲያምን ምላሱን ፍታው። እናቱን ያዛት። አሚን።

ሶፍ አስተካክሉ፤ ትከሻ ለትከሻ። አቂሙ ሰላት።